ሽማግሌ የተላከበት በረራ

ዓይንን ሸፍኖ አውሮፕላን ማብረር ያስደስታል ብል የሚያምነኝ የለም። እኔ ግን በወጣትነቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ሥራ ትዝ አይለኝም። ከፕላስቲክ የተሠራ ረጅም ቆብ ግንባሬ ላይ ይደፋልኛል። ቆቡ መስኮቱን ሁሉ ይጋርድና ከመሣሪያዎቹ ሰሌዳ በቀር አንድም ነገር እንዳላይ ያደርገኛል። ውጭው የጠራ ቀን ነው፤ በስተምዕራብ ባሕሩ አለ፣ ከሥራችን የያቭነ ከተማ አሸዋ አለ፣ ራቅ ብሎ የገዴራ ከተማ ከነኮረብታዋ አለች። ይህን ሁሉ የሚያዩት አጠገቤ የተቀመጡት አስተማሪዬ ብቻ ናቸው። እኔ ሰሌዳዬን ይዤ እንደ ዕውር እበራለሁ።

ነገሩ ጨዋታ አይደለም። ጉም ወይም ደመና ውስጥ የገባ አብራሪ ከመሣሪያዎቹ በቀር የሚያየው ነገር የለም፤ እንዲያም ሆኖ መንደርደሪያውን አግኝቶ ማረፍ አለበት። ያንን በጠራ ሰማይ የሚለማመዱት እንዲህ ዓይንን ሸፍነው ነው። መጀመሪያ የሚያስቸግረው የገዛ ሰውነትህ ነው። ወንበሩ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ይመስልሃል፣ ሆድህም «ኧረ ተገለበጥን» ይልሃል፤ ሰሌዳው ግን ቀጥ ብለህ እየሄድክ ነው ይላል። ሰውነትህን ካመንክ ትሞታለህ፣ ሰሌዳውን ካመንክ ታርፋለህ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ክርክር ስለምወድ፣ ከራሴ ሆድ ጋር ተከራክሬ ስረታ የሚሰማኝ ደስታ ልክ አልነበረውም። ከቆቡ ሥር ብቻዬን ስቄ አውቃለሁ።

ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እኛ እስራኤል የገባነው ብዙው ሰው በሱዳን በኩል ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለን ነበር፤ የምንኖረውም ኪርያት መላኺ የምትባል ከተማ ነው። ውትድርናዬን የጨረስኩት አውሮፕላን በመጠገን ነው። ከዚያ ገዴራ አጠገብ፣ በጥጥ እርሻ መካከል ያለች አንዲት ትንሽ ማረፊያ ተቀጠርኩ። አውሮፕላን አጥባለሁ፣ ነዳጅ እሞላለሁ፣ የሚገፋ ሲኖር እገፋለሁ፤ በምትኩ ማብረር ያስተምሩኛል። በጠራ ሰማይ የሚያስበርረውን ፈቃድ ካገኘሁ ከርሜያለሁ። የቀረኝ በመሣሪያ ብቻ አብርሮ የማረፉ ፈተና ነው። ፈተናውን ካለፍኩ ክረምት ከበጋ ዕቃ በምታመላልስ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ላይ የረዳት አብራሪነት ቦታ ይጠብቀኛል። ባለቤቶቹም «እስከ ፋሲካ እንጠብቅሃለን፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» ብለውኝ ነበር። ያን ቦታ እንዴት እመኘው እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው።

አስተማሪዬ ከአባቴ ጥቂት ከፍ የሚሉ ፈረንጅ ነበሩ፤ እኛ ቤት ከአውሮፓ ለመጣ ሰው ሁሉ ፈረንጅ ነው የምንለው። ቅንድባቸው ነጭ፣ ድምፃቸው ከሞተሩ የሚበልጥ፣ ሲያስተምሩ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ ልጣጩን ሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ የሚያጠራቅሙ ሰው ናቸው። በስሜ ጥራኝ ይሉኛል። አፌ እምቢ አለኝ። በዚህ አገር ሹሙንም ጠቅላይ ሚኒስትሩንም በስሙ መጥራት ነውር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያ ነጭ ቅንድብ እያየኝ እንዴት ብዬ? በመጨረሻ «መድሪኽ» አልኳቸው፣ አሠልጣኝ ማለት ነው፤ በዚያው ጸና።

የምንለማመደው መንገድ እንዲህ ነው። ከያቭነ በስተምዕራብ አሸዋው መካከል አንዲት ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ አለች። ወሬም ዘፈንም አታስተላልፍም፤ ሥራዋ ያለችበትን ማሳወቅ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለች አንዲት ቀስት የትም ብንዞር ወደ እሷ ታመለክታለች። በጣቢያዋ አናት ላይ ስናልፍ ቀስቷ ትወዛወዝና ወደ ኋላ ትዞራለች። ያን ጊዜ አቅጣጫዬን ይዤ ወደ ገዴራ በኩል ቀስ እያልኩ እወርዳለሁ። ዙሪያው የጦር አውሮፕላን ሰማይ ስለሆነ የተፈቀደችልን መንገድ ጠባብ ናት፤ ወዲያ ወዲህ ማለት የለም። ከመሬት በላይ ደግሞ አንዲት የመጨረሻ ቁመት አለች። እዚያች ስደርስ አስተማሪዬ «መንደርደሪያው ታየኝ» ካሉ ቆቤን አውልቄ አርፋለሁ። ካላሉ ለሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሰጥቼ እወጣለሁ። ሕጉ ይኸው ነው፣ ልጅም ይገባዋል።

እኔም ገብቶኝ ነበር። ቀስቷን እንደ በግ እነዳታለሁ፣ ቁመቴ አይዛነፍም፣ አስተማሪዬም «ጥሩ ነው» ማለት የማይወዱ ሰው ሆነው ሳሉ አንዴ ሁለቴ ብለውኛል። አንድ ቀን ታዲያ የመጨረሻዋ ቁመት ላይ ደርሼ ስጠብቅ «ትንሽ ዝቅ በል» አሉኝ። ዝቅ አልኩ። «ትንሽ ጨምር» አሉኝ። ጨመርኩ። «አሁንም» አሉ። አሁንም ወረድኩ። ከዚያ «ቆብህን አውልቅ» አሉኝ። አወለቅኩ። የገዴራ ብርቱካን ዛፎች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ፤ ፍሬው ተለቅሞ ያለቀውንና ያላለቀውን ዛፍ መለየት ይቻል ነበር። አስተማሪዬ መሪውን ተቀብለው ወደ ላይ አወጡን።

«ለምን ወረድክ?» አሉኝ መሬት ላይ።

«እርስዎ ስላሉኝ።»

«መንደርደሪያው ታየኝ ብዬሃለሁ?»

«አላሉኝም።»

«ታዲያ እኔ ብሳሳትስ? ባንቀላፋስ? ባብድስ?»

ምን ልበላቸው? እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር «አይሆንም» አይባልም። ቃሉ የለም ማለቴ አይደለም፤ ለእኩያ፣ ለነጋዴ፣ ለአውቶቡስ ሹፌር ሞልቷል። እኔ እንዲያውም በዚህ በኩል አልታማም፤ ከኪርያት መላኺ እስከ ገዴራ የሚሠሩት ሹፌሮች ሁሉ በጭቅጭቄ ያውቁኛል። ለትልቅ ሰው ግን «እሺ» ነው የሚባለው። ነገሩ ስህተት ከሆነ «እሺ» ብለህ ትነሣና ዝም ብለህ ትክክለኛውን ትሠራለህ። ትልቁም ያውቃል፣ ትንሹም ያውቃል፣ ማንም ሰው ፊት አያፍርም። ደግ አገር የሚተዳደረው እንዲህ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው በረራ ብልሃቴን ይዤ ሄድኩ። የመጨረሻዋ ቁመት ላይ ስደርስ «ዝቅ በል» አሉኝ። «ቤሰደር» አልኩ ጎንበስ ብዬ፣ እሺ ማለቴ ነው። ከዚያም ቁመቴን ሳልለቅ ድምፄን አጥፍቼ ለሞተሩ ጉልበት ሰጠሁና ወጣሁ። በሥራዬ ተደስቼ ምስጋና ስጠብቅ አስተማሪዬ እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አያውቁም።

«ይህኛው ከፊተኛው ይብሳል» አሉኝ። «አንድ አውሮፕላን ውስጥ ሁለት ሰው ተቀምጧል። አንዱ እየወረድን ነው ብሎ ያምናል፣ ሌላው እየወጣ ነው። መሪው በኔም በኩል አለ እኮ። እኔ ወደ ታች ብገፋው፣ አንተ ወደ ላይ ብትስበው ምን ይሆናል?» ኪሳቸውን ሙሉ ልጣጭ መሬት ላይ ደፉት። «እኔ የምፈልገው በአፍህ እንድትከለክለኝ ነው። ጮክ ብለህ። እስክትከለክለኝ ድረስ ለፈተና አልልክህም።»

ያን ሰሞን ያልተለማመድኩበት ነገር የለም። ለነዳጅ መኪናው «ሎ» እለዋለሁ፣ አይሆንም ማለት ነው። ለማጥበው ክንፍ «ሎ» እለዋለሁ። ማረፊያዋን የምትጠብቀውን ውሻ ሳይቀር ተለማመድኩባት፤ ጅራቷን ትቆላልኛለች። አየር ላይ ወጥቼ ያ ነጭ ቅንድብ አጠገቤ ሲቀመጥ ግን ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይሰነቀራል። ቁመቷ ታልፋለች፣ አስተማሪዬም መሪውን ይቀበሉኛል። የብርቱካኑ አበባ መሽተት ጀመረ፤ ፋሲካ እየቀረበ ነው።

አንድ ቀን ራት ላይ ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ ብርቱካን ማሸጊያ ውስጥ ይሠራሉ፤ ከሥራ በኋላ ግን ሽማግሌ ናቸው፣ ሰው ያስታርቃሉ። አዲስ ገቢዎቹ ከመጡ ወዲህማ ፋታ አልነበራቸውም፤ የባልና ሚስት ጠብ፣ የጎረቤት ጠብ፣ የኃላፊና የሠራተኛ ጠብ፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ ይመጣል።

«አስተማሪዬ ለፈተና አልልክህም አሉኝ» አልኳቸው።

«ምን አጠፋህ?»

«ምንም። አከበርኳቸው፣ እሱ ነው ጥፋቴ።»

አባቴ ጉርሻቸውን አስቀምጠው አዩኝ። ስላከበሩት የሚቆጣ ሰው በዕድሜያቸው ሰምተው አያውቁም። ቁመቱን፣ ቀስቷን፣ «ዝቅ በል» የሚለውን ሁሉ አስረዳኋቸው፤ እሳቸው ግን ጉዳዩን በሚያውቁት መንገድ ያዙት። «ቅር ያሰኘኻቸው ነገር አለ» አሉ። «ጨዋ ሰው ስለሆኑ ፊት ለፊት አልነገሩህም። እንዲህ ያለው በሽማግሌ ነው የሚያልቀው።»

«ኧረ አባዬ፣ እባክዎ» ብዬ ተነሣሁ።

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ለሙሽራ ቢሆን ይገባኛል፣ ለአውሮፕላንም ሽማግሌ ይላካል?» አለች። ሳቋን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረችም። አባቴ ጉርሻቸውን አንሥተው ጎረሱ። ነገሩን በልባቸው እንደጨረሱት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ዓርብ ጧት የአንዱን አውሮፕላን ክንፍ በሳሙና ስፈትግ ቀና ብል፣ በጥጡ እርሻ መካከል ባለው የአቧራ መንገድ ሦስት ሰዎች በሰልፍ ይመጣሉ። ኮታቸው ላይ ነጭ ጋቢ ደርበዋል፣ ዱላ ይዘዋል። ፊት ያሉት አባቴ ናቸው። ሁለተኛው የያቭነው ሽማግሌ ናቸው፤ አገር ቤት ቀጥቃጭ የነበሩ፣ አሁን ፋብሪካ የሚሠሩ፣ ትከሻቸው በር የሚሞላ ግዙፍ ሰው። ሦስተኛው የገዴራው ሽማግሌ፣ ቀጭን፣ ጠንቃቃ፣ መንገድ ሲሻገሩ ሁለት ጊዜ የሚያዩ።  መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አስተማሪዬ ከቆርቆሮው ዳስ ሥር ወጥተው ወንበር አቀረቡላቸው። ሦስቱም ቆሙ። አስተማሪዬ ወንበሩን ወደ ፊት ገፉት። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው።

«አሟቸው ነው? ለምን አይቀመጡም?» አሉኝ።

«እሺ ካላሏቸው አይቀመጡም።»

«ምኑን ነው እሺ የምላቸው?»

ይህን ከማስረዳት ደመና ውስጥ ማብረር ይቀላል። አባቴ ጀመሩ። ልመናቸውን ከዓለም አፈጣጠር አልጀመሩም እንጂ ብዙም አልቀራቸውም። ስለ አባትና ልጅ ተናገሩ፣ ስለ መምህር ክብር ተናገሩ፣ ከጎንደር እስከ ኪርያት መላኺ የተጓዝነውን አነሡ፣ እግዚአብሔርንም አመሰገኑ። በመጨረሻ «ልጃችን አውቆም ይሁን ሳያውቅ አጥፍቶ ከሆነ በእኛ እግር ይማሩልን» ብለው ጎንበስ አሉ። ሁለቱም አብረው ጎንበስ አሉ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ፊቴ እየነደደ «እንደምን አደሩ ይላሉ» አልኩ።

«ይህ ሁሉ እንደምን አደርክ ነው?»

«ይቅርታ እንዲያደርጉልኝም ይለምናሉ።»

«ለምኑ?»

«ላልተናገርኩት ነገር» አልኩ፤ ሌላ ቃል አላገኘሁም።

አስተማሪዬ ለረጅም ጊዜ ሦስቱን አዩዋቸው። ይስቃሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልሳቁም። የሱፍ ፍሬውን ከአፋቸው አወጡና «እንዲህ በላቸው» አሉ። «ልጃችሁ ምንም አላጠፋም። ችግሩም እሱ ነው።»

ተረጎምኩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ባለማጥፋቱ የተከሰሰ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አሉ የያቭነው ሽማግሌ። ያም ሆኖ ጥፋት የለም ከተባለ ጠብ የለም፣ ጠብ ከሌለ መቀመጥ ይቻላል፤ ተቀመጡ። አስተማሪዬ ጥቁር ቡና በብርጭቆ አቀረቡላቸው፤ አተላው ግማሽ የሆነ፣ የዚህ አገር የሠራተኛ ቡና ነው። የያቭነው ሽማግሌ አተላውንም ጠጡት።

ከዚያ አስተማሪዬ «በቃል አይገባቸውም፣ ይምጡና ይዩ» አሉኝ። አውሮፕላኗ አራት ሰው ትይዛለች። ከኋላ ሁለት ቦታ አለ፣ ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። የገዴራው ሽማግሌ ማንም ሳይጠይቃቸው እጃቸውን አነሡ፤ «አንድ ሰው ከመሬት ሆኖ ቢጸልይ ለሁላችሁም ይበጃችኋል» አሉና ባሕር ዛፉ ሥር ወዳለው አግዳሚ ሄዱ። አባቴ ከኋላዬ ገቡ። የያቭነው ሽማግሌ ከአስተማሪዬ ኋላ ሲገቡ አውሮፕላኗ ዘመም ብላ ተቀበለቻቸው፤ ዱላቸውን አልሰጥም ብለው ጉልበታቸው መሐል አቆሙት።

ተነሣን። አሸዋው ጋ ሳንደርስ ቆቤን ደፋሁ፤ ከዚያ በኋላ አገሩን ያየሁት በጆሮዬ ነው። ሞተሩን ለማሸነፍ ከኋላዬ ይጮኻሉ።

«ያውና የኛ ብሎክ» ይላሉ የያቭነው ሽማግሌ። «ልብስ ተሰጥቷል። አዬ፣ የኔ ሱሪ ነው።»

«ከዚህ ሆነው ሱሪ ይለያሉ?» ይላሉ አባቴ።

«የኔን የሚያህል ሱሪ ያቭነ ውስጥ ማን አለው?»

አባቴ ሲስቁ ሰማሁ። ሲስቁ የምሰማው በዓመት በዓል ብቻ ነበር። ባሕሩ ታያቸው መሰለኝ። ከዚያ «ይህን ሁሉ በየቀኑ ታየዋለህ?» አሉኝ ጆሮዬ ሥር። «እኔ አሁን አላየውም አባዬ፣ ሸፍኜ ነው» አልኳቸው። «አሁንም አንተ ነህ የምትነዳው?» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ያን ያህል ኮርቼ አላውቅም፣ መደበቅም አልፈልግም።

ቀስቷ ተወዛወዘች፣ ዞረች። ጣቢያዋን አለፍን። ሞተሩን ቀነስኩ፣ መውረድ ጀመርኩ። አቅጣጫ፣ ፍጥነት፣ ቁመት፤ ዓይኔ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል። ሆዴ ወደ ግራ እየሄድን ነው አለኝ፣ አላመንኩትም። እንደዚያ ቀን አሳምሬ ወርጄ አላውቅም። የመጨረሻዋ ቁመት ላይ ደረስኩ፣ ያዝኳት፣ ጠበቅሁ።

«ትንሽ ዝቅ በል» አሉ አስተማሪዬ።

ቁመቴን ያዝኩ። 

«አልሰማህም? ዝቅ በል።»

«ሎ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። አባቴ ዕብራይስጡ ባይገባቸውም ትእዛዝ መሆኑ ገብቷቸዋል፤ የእጅ ምልክቱንም አይተዋል። ከኋላዬ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ የሚሉህን ስማ እንጂ» አሉኝ። «ሜዳው ይኸው ፊት ለፊታችን ነው።»

«ይታያል፣ ይታያል» አሉ የያቭነው ሽማግሌም።

ሦስት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሦስቱም ያያሉ፣ እኔ ብቻ አላይም። አንዱ አስተማሪዬ፣ አንዱ የወለዱኝ፣ አንዱ በሽምግልና የመጡልኝ። ሦስቱም ውረድ ይላሉ። ሰሌዳው ብቻ ከኔ ጋር ነው፤ ሰሌዳውና ያች ሕግ። እጄ ቁልቁል ሊገፋ ቃጣው። ሊታዘዝ ነው፣ አወቅሁት፤ ቦታዬም፣ ፋሲካውም፣ ሁሉም ነገር በዚያች ቅጽበት ሊያልፍ ነው።

«በሕግ አምላክ» አልኩ።

አላሰብኩበትም። ወጣ። ያን ያህል ስለማመደው የከረምኩት የዕብራይስጡ ቃል የት እንደገባ አላውቅም፤ የመጣልኝ ይኸኛው ነው። እስራኤል ከገባን ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ልጅ ሆኜ ግን ዱላ የመዘዙ ወንዶችን አንዲት ደካማ ሴት በዚህ ቃል ስታስቆም አይቻለሁ። የተባለ ሰው ባለበት ይቆማል፤ ጌታም ቢሆን፣ አባትም ቢሆን። ተናጋሪውን ፈርቶ አይደለም የሚቆመው፣ ሕጉን ነው። ለካ እኛም ትልቅ ሰው የምናስቆምበት ቃል ነበረን፤ ለቀልድ ስለማይወጣ ነው የረሳሁት።

ከዚያ በዕብራይስጥ ቀጠልኩ፤ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ጅረት ሆነ። «አልወርድም። መንደርደሪያው ታየኝ አላሉኝም። እየወጣሁ ነው፣ መሪውን አይንኩት» አልኩና የሞተሩን ጉልበት እስከ ጥግ ገፋሁ። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ጮኸች። አስተማሪዬ ሁለት ባዶ እጆቻቸውን ከቆቤ ሥር አያቸው ዘንድ ወደ ፊት ዘረጉልኝ። 

በቂ ቁመት ስንይዝ «ቆብህን አውልቅ» አሉኝ። አውልቄ መጀመሪያ ያየሁት ወደ ታች ነው። በግራ በኩል ጥቁር አስፋልት ተዘርግቷል፤ አውቶቡስ እየሄደበት ነው። አባቴ ሜዳ ያሉት የገዴራን መንገድ ኖሯል። መንደርደሪያችን በስተቀኝ ነበር። ቀጥሎ ወደ ኋላ ዞርኩ። አባቴ ሁለት መዳፋቸውን ከፍ እንዳደረጉ ደርቀው ተቀምጠዋል። የያቭነው ሽማግሌ ዱላቸውን ለቀውታል። በሕግ አምላክ ተብለዋልና ባሉበት ቀርተዋል፤ እስክናርፍ ድረስ እንደዚያው ነበሩ።

ደስታዬ ከፍርሃት ጋር ተደባለቀ። አስተማሪዬን ከለከልኩ፣ ይሁን፤ ግን የገዛ አባቴን፣ ያውም ሰው ፊት። ዞሬ አረፍኩ። 

ሞተሩ ሲጠፋ አስተማሪዬ «ያ በቋንቋህ ያልከው ምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ማንም ሰው ለማንም ሊለው ይችላል?»

«ማንም ለማንም።»

«ጄኔራልም ይቆማል?»

«ንጉሥም ይቆማል።»

ከኪሳቸው የሱፍ ፍሬ ዘግነው ለመጀመሪያ ጊዜ ለኔም አካፈሉኝ። «ማክሰኞ ለፈተና ትሄዳለህ» አሉ። «ፈታኙ የዛሬውን ዓይነት ፈተና ነው የሚሰጥህ፣ ዝቅ በል ይልሃል። ምን ትለዋለህ?»

«አይሆንም እለዋለሁ፣ በዕብራይስጥ።»

«በአማርኛው በለው» አሉኝ። «እሱ ነው የሚያስደነግጠው።» ይህን ብለው ወደ ዳሱ ሄዱ።

እኔ እንዳልሮጥና እንዳልዘል ራሴን እየያዝኩ አባቴን ደግፌ አወረድኩ። አላዩኝም። ጋቢያቸውን አራገፉ፣ አስተካክለው ለበሱ፣ ወደ ባሕር ዛፉ ቀድመው ሄዱ፤ የያቭነው ሽማግሌ ተከተሏቸው፣ እኔም ከኋላ። የገዴራው ሽማግሌ ከአግዳሚው ብድግ ብለው ጠበቁን።

«እንዴት ሆነ? እሺ አሉን?»

አባቴ ተቀመጡ። የያቭነው ሽማግሌም አጠገባቸው ተቀመጡ፤ አግዳሚው ተንቋቋ። እኔ እንደ ደንቡ ራቅ ብዬ ቆምኩ፣ ጫማዬን እያየሁ።

«ልመናው ቀረ» አሉ አባቴ።

«ምነው? እምቢ አሉ?»

«ልጁ በሕግ አምላክ አለ።»

የገዴራው ሽማግሌ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ፤ ከዚያ ወደ አባቴ። «ማንን?» አሉ።

«ፈረንጁን። እኚህንም» አሉ አባቴ ወደ ያቭነው ሽማግሌ በአገጫቸው እያሳዩ። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እኔንም።»

«አንቱን? የወለዱትን? እናስ?»

«ቆምነዋ» አሉ አባቴ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሰብስበው፣ በእሳቸውና በያቭነው ሽማግሌ መካከል አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ።